አምፖልም በቅርጫ ይገዛል፦ «ወረዳው ለየብቻው ይግዛ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እጅ በእጅ የተቀባበልነውን አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የአዲስ አበባ ወረዳዎች፣ ክፍለ ከተሞች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች አምፖል፣ ጀነሬተር፣ ባትሪ፣ ሶላርና የጥገና አገልግሎት በጋራ ከሚገዙ እያንዳንዱ ለራሱ ቢገዛ ይሻላል። ስድስት ምክንያት ቀርቧል። የኤሌክትሪክ ሻጩ አንድ ስለሆነ በጋራ የሚገዛ ነገር የለም። የጋራ ግዥ ይዘገያል። የተቋማት ፍላጎት አይገናኝም። ገንዘብ አንድ ቦታ ሲከማች ሌብነቱም አብሮ ይከማቻል። ትንንሽ ነጋዴዎች ከገበያ ይወጣሉ። የውጭ አገር ተሞክሮም ለእኛ አይሆንም።

ጸሐፊው ለሕዝብ ገንዘብ ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል። እኔም የምመልሰው በዚያው ስሜት ነው። 14 ዓመት በግዥና በንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎና መርካቶ መካከል ፕሮፎርማ (የነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ) ይዤ ያልተመላለስኩበት መንገድ የለም። ከነጥቦቹ የምቀበለው አለ፣ የማልቀበለውም አለ። በቅደም ተከተላቸው ልሂድ።

መጀመሪያ፣ ሻጩ አንድ ነው የሚለው። ኃይሉን ራሱን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከተማችን ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሸጥልን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። አራዳና ቂርቆስ ተባብረው ስለጠየቁ የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ አይቀንስም። ናፍጣም እንደዚያው ነው። የማደያ ዋጋው በመንግሥት ይወሰናል። አሥር ወረዳ አብሮ ቢገዛም ሊትሩ ያው በተተመነለት ዋጋ ነው።

ግን ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆመዋል። ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን አይተው ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ተዉት። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሁሉ እኮ ገበያ ነው። አምፖሉ፣ ሽቦው፣ ብሬከሩ፣ ምጣዱ፣ የውኃ ፓምፑ፣ ጀነሬተሩ፣ ኢንቨርተሩ፣ ባትሪው፣ የመድኃኒት ፍሪጁ፣ የግቢ መብራቱ፣ ይህን ሁሉ የሚጠግነው ባለሙያ። እዚያ ሻጩ አንድ አይደለም፤ መቶ ነው።

አንድ ቀላል ስሌት ላሳይ። 250 ዋት የሚበላ ቢጫ ብርሃን ያለው የድሮ የመንገድ መብራት በ110 ዋት ኤልኢዲ ተተካ እንበል። ልዩነቱ 140 ዋት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ ክረምት ከበጋ ብዙ አይለዋወጥም፤ መብራቱ በየቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ይበራል። ከአንድ ምሰሶ ብቻ በዓመት 613 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ዛሬ የተተከለ ጥሩ መብራት ከርሞ የበለጠ ይቆጥባል ማለት ነው። ይህ ቁጠባ የሚገኘው ግን መብራቱ በትክክል 110 ዋት ከሆነና በስድስት ወሩ ካልተቃጠለ ነው። ብቻውን የሚገዛ ወረዳ ይህን ማረጋገጥ አይችልም።

የእኔ ዋና ነጥብም ይኸው ነው። ሰው ስለ ጋራ ግዥ ሲያወራ ስለ ዋጋ ቅናሽ ያወራል። ቅናሹ ደግ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር እውቀቱ ነው። የወረዳ ግዥ ሠራተኛ በአብዛኛው አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት የተማረ ሰው ነው። ስፔሲፊኬሽን፣ ማለትም የሚገዛው ዕቃ ምን ማሟላት እንዳለበት የሚዘረዝር ጽሑፍ፣ ጻፍ ሲባል «ኤልኢዲ አምፖል፣ 12 ዋት፣ ጥራቱን የጠበቀ» ብሎ ይጽፋል። እኔም ለዓመታት እንደዚህ ጽፌያለሁ፤ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ጥራቱን የጠበቀ ማለት ምንድን ነው? በአንድ ዋት ስንት ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይስጥ? የከተማችን ቮልቴጅ ሲወርድና ሲዘል እስከ ስንት ይቻል? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? ሲቃጠል ማን ይቀይረዋል? አንዱም አልተጻፈም። አንዱም ስላልተጻፈ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል። ካርቶኑ ላይ 12 ዋት ይላል፣ ሲለካ ሌላ ይሆናል። በመለኪያ የሚያየውም የለም።

ናሙና ወስዶ በተስማሚነት ምዘና ድርጅት ማስፈተሽ ይቻላል። ግን ለ40 አምፖል ማን ናሙና ያስፈትሻል? ክፍያውም ጊዜውም ከአምፖሉ በላይ ይሆናል። ለ40 ሺህ አምፖል ግን ያስፈትሻል። ለ40 ሺህ አምፖል አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ ሁለት ሳምንት ስፔሲፊኬሽን ቢጽፍ አይበዛበትም። አንድ መሐንዲስ ለሁሉም ወረዳ ይሠራል። ዛሬ ግን ለአንዱም አይሠራም።

ጸሐፊው ያለፉትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። የአሜሪካን ኬፕ ኮድ ጠቅሰው፣ እዚያ የሚሠራው ገበያው ክፍት ስለሆነ ነው ብለዋል። በከፊል እውነት ነው። የኬፕ ኮድና የማርታስ ቪንያርድ 21 ከተሞች በ1997 እ.ኤ.አ. ሲተባበሩ ግዛታቸው ማሳቹሴትስ የኤሌክትሪክ ገበያውን እየከፈተ ነበር። ነገር ግን ትብብሩ ኃይል ከመግዛት ሌላ ሥራም አለው። በየቤቱና በየሱቁ ኃይል የሚባክንበትን የሚለይ ባለሙያ ይልካል፣ አባካኙን ዕቃ በቆጣቢ ያስቀይራል። ለዚህኛው ሥራ የተከፈተ የኃይል ገበያ አያስፈልግም። እዚህም ሊሠራ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ መዘግየቱ። የጤና ጣቢያ መብራት ዛሬ ሲቃጠል የማዕከል ጨረታ ስድስት ወር አይጠበቅም ብለዋል። ልክ ነው፣ አይጠበቅም። ግን ሁለት የተለያዩ አሠራሮችን ቀላቅለዋል። አንዱ ማዕከል ገዝቶ፣ መጋዘን አስገብቶ፣ በመኪና የሚያከፋፍልበት ነው። ሌላው የማዕቀፍ ስምምነት ነው። በማዕቀፍ ስምምነት ጨረታው አንዴ ይወጣል፣ ዋጋውና ጥራቱ አንዴ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያው ራሱ ላሸናፊው የግዥ ትዕዛዝ ይጽፋል። ዕቃው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ንብረት ክፍል ይመጣል፣ ሞዴል 19 (የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) ይቆረጥለታል፣ ክፍያው ይፈጸማል። ጨረታም ፕሮፎርማም የለም። እንዲያውም የሚዘገየው ዛሬ ያለው አሠራር ነው፤ ለእያንዳንዱ ካርቶን አምፖል ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ ኮሚቴ መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ ማስፈረም አለና።

ይህ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የፌዴራሉ የመንግሥት ግዥና ንብረት ማስወገድ አገልግሎት በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም አንዱ ሥራው ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚጠቀምባቸውን ዕቃዎች በማዕቀፍ ስምምነት መግዛት ነበር። ወረቀትና ቶነር እንደዚያ ከተገዛ አምፖል የማይገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

መዘግየት ሲያጋጥም ደግሞ መውጫ በር ይበጃል። መድኃኒትን እንይ። በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት በጋራ የሚገዛ ተቋም ተመሠረተ። ዕቃ አለቀ የሚለው ቅሬታ ዛሬም አለ፤ አልክድም። ግን መድኃኒቱ ከሌለ «የለም» የሚል ወረቀት ይሰጥና ጤና ተቋሙ ከውጭ ይገዛል። ለአምፖልና ለባትሪም ያው ነው የሚያስፈልገው። አሸናፊው በውሉ ቀን ካላቀረበ ተቋሙ በነጋታው ከፈለገው ይግዛ፣ ልዩነቱንም አሸናፊው ይክፈል። ይህ ውሉ ላይ በአንድ አንቀጽ የሚጻፍ ነገር ነው።

መዘግየት ከተነሳ የሰኔን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ሁሉም መሥሪያ ቤት ገንዘቡ እንዳይመለስበት ይራወጣል። ነጋዴው ይህን ያውቃል፣ ዋጋውንም እንደዚያው ይቆርጣል። በዚያ ሰሞን የተገዛ ዕቃ ሐምሌ ላይ ካርቶኑ ሳይከፈት መጋዘን ውስጥ ሲቆለል ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል የተወሰነ ዋጋ ቢኖር ይህ ሩጫ ግማሹ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ የፍላጎት መለያየት ነው። በዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። መሀል ከተማ ውስጥ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ ያሉ ሦስት የመንግሥት ተቋማትን አውቃለሁ። ስማቸውን አልጠራም። ሦስቱም በተቀራራቢ ዓመታት ጀነሬተር ገዙ። ሦስቱም የሚፈልጉት ኃይል ተቀራራቢ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ጥቂት ክፍሎችና አንድ ሁለት ፍሪጅ እንዲሠሩላቸው። የተገዙት ግን የሦስት አገር ሦስት ዓይነት ጀነሬተሮች ነበሩ። የአንዱ ፊልትሮ ለሌላው አይሆንም። የአንዱን መካኒክ ሌላው ጋ ብትወስደው መመሪያ መጽሐፉን ማንበብ አይችልም። ሁለተኛው ጀነሬተር አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ተቃጥላበት ሁለት ዓመት ቆመ። ያመጣው አስመጪ ሌላ ንግድ ጀምሯል፣ መለዋወጫው አዲስ አበባ ውስጥ የለም። በሸራ ተሸፍኖ ግቢው ጥግ ላይ ተቀመጠ። መብራት በጠፋ ቁጥር የዚያ ተቋም ሠራተኞች በስልካቸው ባትሪ ይሠሩ ነበር። ጎረቤታቸው ያለው ጀነሬተር ደግሞ በቀን ሁለት ሰዓት እንኳ አይሠራም ነበር።

ታዲያ ፍላጎታቸው የተለያየ ነበር? አልነበረም። የተለያየው ግዥው ነው። ሦስቱ ተቋማት አንድ ዓይነት ጀነሬተር ቢገዙ ኖሮ አንድ መካኒክ፣ አንድ መደርደሪያ ፊልትሮ፣ አንድ የጥገና ውል ይበቃቸው ነበር። የጥገና አገልግሎት በጋራ መግዛት የሚባለው ይኸው ነው። ለአንድ ጀነሬተር ውል የሚገባ ጥሩ ድርጅት አታገኝም። ለ60 ጀነሬተር ግን ተሻምተው ይመጣሉ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እንመጣለን ብለውም ይፈርማሉ።

የትምህርት ቤት ምገባውንም ተመልከቱ። በ2012 ዓ.ም. በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባው ሲጀመር ትምህርት ቤቶቹ በአንድ ጊዜ ወጥ ቤት ባለቤቶች ሆኑ። የሚበስለው ምግብ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ብዙ አይለያይም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል። ሦስት አራት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲለኮስ የግቢው መስመር ይችላል ወይ? ትራንስፎርመሩስ? ይህን የሚመልስ ባለሙያ እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር ከየት ያመጣል? አንድ የባለሙያ ቡድን በጋራ ተቀጥሮ ሁሉንም ወጥ ቤት ቢያይ፣ የትኛው መስመር ይቀየር፣ የትኛው ምጣድ ይገዛ ብሎ ቢወስን፣ ምግብ የሚያበስሉት እናቶች ከእንጨት ጭስ ቶሎ ይገላገሉ ነበር። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ የሚታየኝ የእነሱ ዓይን ነው።

በእርግጥ የሚለያይ ነገር አለ። የሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል መብራትና የወረዳ ጽሕፈት ቤት መብራት አንድ አይደሉም። እሱ ለብቻው ይገዛ። ማንም ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጆንያ ክተቱ አላለም።

አራተኛው ነጥብ ሌብነት ነው። ጸሐፊው በጣም የተጨነቁትም እዚህ ላይ ነው፣ እኔም እጨነቃለሁ። ምሳሌያቸው ቅርጫ ነው። በቅርጫ ሁሌም አንዱ ሽንጡን፣ ሌላው አጥንቱን ይዞ ይገባል ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሰፈራችን የምናርደው ቅርጫ እንደዚያ አይደለም። ለፋሲካ ወይ ለገና በሬው ሲታረድ ከእያንዳንዱ ብልት ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም። መደቡ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ዕጣ ይወጣል። ቢላዋ የያዘው ሰው የትኛው መደብ የእሱ እንደሚሆን ስለማያውቅ አዳልቶ አይቆርጥም። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ሰውን ሁሉ ስላመኑ አይመስለኝም። ማመን ሳያስፈልግ እንዲሠራ አድርገው ነው የሠሩት።

የጋራ ግዥም በዚሁ መንገድ ይሠራ። ስፔሲፊኬሽን የጻፈው አይገምግም። የገመገመው ዕቃ አይረከብ። ረቂቁ ስፔሲፊኬሽን ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ለሁሉም አቅራቢ ይታይ፤ ለአንድ ብራንድ ተለክቶ የተሰፋ ከሆነ ተፎካካሪዎቹ ራሳቸው ይጮኻሉ። ያሸነፈው ዋጋ በነጠላ ይለጠፍ፦ ይህ አምፖል ይህን ያህል ብር ብሎ። ያኔ መርካቶ ያለ ማንኛውም ነጋዴ ሊያመሳክረው ይችላል።

ዛሬ ያለውን ደግሞ በሐቅ እንነጋገር። ትንሽ ግዥ ንጹሕ ነው ያለው ማነው? ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ሦስት ማኅተም፣ ሦስት ስም አለው። ሦስቱንም የሞላው አንድ እጅ ሲሆን አይቻለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓይነት አምፖል ገዝተው የዋጋው ልዩነት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አይቻለሁ። ማንም አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? እያንዳንዱ ግዥ ትንሽ ነው፣ ለኦዲተር ዓይን አይገባም። አንድ መቶ ቦታ የተበተነ ሌብነት ከአንድ ቦታ ሌብነት አያንስም፤ የሚለየው አለመታየቱ ነው። ትልቁ ጨረታ ቢያንስ ተሸናፊ አለው። ተሸናፊ ደግሞ አቤት ይላል።

አምስተኛው፣ ትንንሽ ነጋዴዎች። ስጋቱ ይገባኛል፣ መፍትሔውም ከባድ አይደለም። ጨረታው በሎት ይከፈል። አምፖሉ ለብቻ፣ ባትሪው ለብቻ፣ ገጠማው ለብቻ። ገጠማና ጥገና በየክፍለ ከተማው ቢከፋፈል በማኅበር የተደራጁ ወጣት ኤሌክትሪሻኖች ይወዳደራሉ። ትንሹን ነጋዴ በዋነኝነት የሚጎዳው ግን ሌላ ነገር ነው። መንግሥት ዕቃ ወስዶ ክፍያ ሲያዘገይበት ነው። በ30 ቀን የሚከፍል የጋራ ገዢ ቢመጣለት ከየትኛውም ድጋፍ ይበልጥበታል።

የመጨረሻው የውጭ ተሞክሮ ነው። ጸሐፊው የህንድን ታሪክ ማጋነን ነው ብለው አልፈውታል። እኔ ግን መቆም ያለብን እዚያ ላይ ይመስለኛል። ህንድ በ2009 እ.ኤ.አ. ኢኢኤስኤል የሚባል ኩባንያ አቋቋመች፤ ባለቤቶቹ አራት የመንግሥት የኃይል ድርጅቶች ነበሩ። ኩባንያው የአገሩን ፍላጎት ሰብስቦ አምፖል በሚሊዮን መግዛት ጀመረ። በ2014 እ.ኤ.አ. አንዱን ኤልኢዲ አምፖል በ310 ሩፒ ነበር የገዛው። በ2016 እ.ኤ.አ. 38 ሩፒ ደረሰ። በእርግጥ በእነዚያ ዓመታት የኤልኢዲ ዋጋ በዓለም ሁሉ ወርዷል፤ ቅናሹን ሁሉ ለጋራ ግዥ መስጠት ትክክል አይሆንም። እንደዚህ የወረደው ግን ዝም ብሎ አይደለም። ከተሞቹ ደግሞ ለመንገድ መብራት ገንዘብ አልነበራቸውም። ኩባንያው መጀመሪያ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ተከለላቸው፣ እነሱ ከሚቆጥቡት እየቀነሱ በዓመታት እንዲከፍሉ። ከ10 ሚሊዮን በላይ የመንገድ መብራት የተቀየረው በዚህ መንገድ ነው።

ጸሐፊው ያላነሱትን እኔ ላንሳላቸው። ብዙ የህንድ ከተሞች ውሉን ፈርመው መብራቱን ካስተከሉ በኋላ በጊዜው አልከፈሉም። በኩባንያው ላይ ትልቅ ያልተሰበሰበ ዕዳ ተከማቸበት። ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ከህንድ የምንቀዳው ፍላጎት ሰብስቦ መግዛቱን ብቻ ከሆነ አንድ ቀን እንወድቃለን። የየተቋሙ ድርሻ ከመጀመሪያው በበጀቱ ላይ ተለይቶ ካልተያዘ የጋራ ግዥው የጋራ ዕዳ ይሆናል።

ደግሞስ ለምን ህንድ ድረስ እንሄዳለን? በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ያስታውሳል። በእነዚያ ዓመታት ነው መንግሥት ኃይል ቆጣቢ አምፖል በጅምላ ገዝቶ ያደለው። አሮጌውን አምፖል ይዘን ሄደን፣ ተሰልፈን፣ አዲሱን ይዘን ተመለስን። በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል ነው በዚያ መንገድ የተቀየረው። እናቴ ሦስት አምፖል በነጠላዋ ጠቅልላ ስትመለስ አስታውሳለሁ። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ይግዛ ቢባል ኖሮ ያ አምፖል በዚያን ጊዜ ዋጋ ብዙ ቤት አይደርስም ነበር።

ከየት ይጀመር ለሚለኝ፣ ከአምፖል እላለሁ። አራዳ፣ ቂርቆስና ልደታ ውስጥ ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በዓመት ስንት አምፖል እንደሚቀይሩ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። በየንብረት ክፍላቸው ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። የሦስት ዓመት ሞዴል 22 (የዕቃ ማውጫ ደረሰኝ) ሰብስቦ መደመር ነው። ሥራው ለሁለት ሰው የአንድ ወር ሥራ ቢሆን ነው፤ ጥር ላይ ቢጀመር ለቀጣዩ ዓመት በጀት ይደርሳል። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ አንዱ ሰው እኔ ልሁን፣ ሌላው እርስዎ ይሁኑ። ድምሩን አብረን እናውጣና የእያንዳንዱ ተቋም የገዛበትን ዋጋ ጎን ለጎን እንጻፈው።